የሰኞ ዝናብ

የኔታ ላቀው ማረፋቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀብራቸው ካበቃ በኋላ። የደወለችልኝ ልጃቸው ውብነሽ ናት። ከጠዋት ጀምራ ብትሞክር ኔትወርክ አልነበረም፤ ገና አሁን መግባቱ ነው። «የኔታ አረፉ» አለችኝ። ልጃቸው ሆና እንኳ እንደ አገሬው ሁሉ የኔታ ነበር የምትላቸው። ልብስ እያጠብኩ ስለነበር ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ፣ ሳሙናው ከእጄ ላይ እየተንጠባጠበ ቆምኩ። አርብ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ እንደ ልማዳቸው ዝናባቸውን ሰፍረው፣ ቁርስ እስኪቀርብ ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ። አልታመሙም፣ ማንንም አላስቸገሩም።

እግዜር ያጽናሽ ማለት ነበረብኝ፤ ብያትም ይሆናል። መጀመሪያ በልቤ ውስጥ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ታዲያ ዛሬ ማን ሰፈረ የሚል። ሰው ሞተ ሲሉኝ የዝናብ መለኪያ ትዝ የሚለኝ ሴት ሆኜአለሁ። በራሴ አፈርኩ። የኔታ ቢሰሙኝ ግን የሚያፍሩብኝ አይመስለኝም። እሳቸውም ቢሆኑ የገዛ ቀብራቸው በመስፈሪያው ሰዓት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢውል «ቆዩኝማ» ብለው ተነስተው የሚሰፍሩ ሰው ነበሩ።

ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የሚቲዎሮሎጂ ቢሮ የምሠራ መረጃ አጣሪ ነኝ። ዝናብ ይዘንባል አይዘንብም የሚሉት ሌሎች ናቸው። እኔ ከእንፍራንዝ ጀምሮ እስከ መካነ ብርሃን ድረስ ካሉት ጣቢያዎች በየወሩ የሚመጣውን ቅጽ እቀበላለሁ፣ የማይመስለውን ቁጥር እለያለሁ፣ የሚመስለውን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። ከቅጹ ብዛት የተነሳ ሰውን በእጅ ጽሑፉ ማወቅ ጀምሬ ነበር። የወሩን ሁሉ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ በአንድ እስክሪብቶ የሚሞላው አለ፤ ወጥ የነካው ቅጽ የሚልክም አለ። ከኮሶዬ ወጣ ብላ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለች የሚካኤል ደብር የሚመጣው ቅጽ ግን ብራና ላይ እንደተጻፈ ያለ ነበር። አንድ ስርዝ የለው፣ አንድ ድልዝ የለው። የደብሩ መሪጌታ ናቸው የሚሞሉት አሉኝ። ዝናብ በሌለበት ቀን ዜሮ አይጽፉም ነበር፤ «አልቦ» ብለው ነበር የሚጽፉት፣ የለም ለማለት፣ በቤተ ክርስቲያን ሒሳብ እንደሚባለው። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ስንቴ ተቆጥቷቸው እንደሆነ እንጃ፣ አልተውትም።

በአካል ያወቅኳቸው ግን በሰኞ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ የዚያን ጣቢያ የብዙ ዓመት ዝናብ በአንድ ሥዕል ላይ ሳሰፍር ጉድ አየሁ። ከባዱ ዝናብ ሁሉ ሰኞ ሰኞ ነው። ሰኞ ያልሆነው ደግሞ ወር በገባ በአሥራ ሦስት፣ በሃያ ሁለት፣ በሃያ ስምንት ነው። አለቃችን ወንበሬ ኋላ ቆሞ አየና «ኮሶዬ ላይ ሰማዩ ሥራ የሚገባው ሰኞ ነው እንዴ» ብሎ ሳቀ። እኔም ስቄ ሳበቃ ነው የገባኝ። አሥራ ሦስት የሚካኤል ማግስት ነው፤ ሃያ ሁለት የማርያም፣ ሃያ ስምንት የመድኃኔዓለም። ሰኞ የሰንበት ማግስት ነው። ሰውየው በበዓል አይሰፍሩም። የበዓሉ ዝናብ ዕቃው ውስጥ አድሮ ከማግስቱ ጋር አብሮ ይሰፈራል፤ በዓሉ ቅጹ ላይ ባዶ ይሆናል፣ ባዶውን የእኛ ሰው ዜሮ ብሎ ያስገባዋል፣ ማግስቱ ደግሞ ጎርፍ ይሆናል።

የቢሮው መኪና ወደ ደባርቅ በምትሄድበት ቀን ተሳፍሬ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደረስኩና ሲሰፍሩ አየኋቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። መሬት ላይ ጆንያ አነጠፉ፣ ተንበረከኩ፣ ውሃውን ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ ገለበጡ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከውሃው ጋር እኩል አደረጉ። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም፤ ቆሞ አይቶ የመሰለውን ይጽፋል። እሳቸው ቁጥሩን በግዕዝ ጮክ ብለው ይናገሩታል፣ «ዐሠርቱ ወክልኤቱ»፣ አሥራ ሁለት ለማለት፣ ከዚያ ይጽፉታል፣ ከዚያ ውሃውን ቀስ አድርገው እዚያው አጠገቡ ያፈሱታል። ውብነሽ በኋላ እንዳጫወተችኝ መጀመሪያ ሰሞን ሴቶች ጠርሙስ ይዘው ለታመመ ልጅ ከዚያ ውሃ ስጡን ይሏቸው ነበር። «ይኼ ጠበል አይደለም፣ የመንግሥት ውሃ ነው» ብለው ይመልሷቸዋል።

በበዓል ለምን እንደማይሰፍሩ ጠየቅኳቸው። መስፈር ሥራ ነው አሉኝ፤ በሰንበት እህል አይሰፈርም፣ ዝናብም አይሰፈርም። ዝናቡ ራሱ እኮ በሰንበት ይዘንባል ብዬ ተከራከርኩ። «እሱ ባለቤቱ ነው። እኔ አገልጋይ ነኝ» አሉና ነገሩን ዘጉት። ቅጽሽ ላይ ቦታ ስለሌለው ነው እንጂ የሁለት ቀኑንም የአንድ ቀኑንም ለይቼ በራሴ ደብተር ጽፌዋለሁ፣ እንይ ብለው ተነሱ። ሹፌሩ በዚያ በኩል ጡሩምባውን ያስጮሃል። ሌላ ጊዜ አልኳቸው። ቢሮ ተመልሼ የበዓል ማግስቱን ዝናብ ሁሉ ለሁለት ከፈልኩት፤ ይበልጥ የማይመስለውን ደግሞ አጠራጣሪ ብዬ ከመዝገቡ አወጣሁት። በዚያ ሳምንት ሥራዬን እንደዚያ ወድጄው አላውቅም። መዝገቡ እንደ ተበጠረ ፀጉር አማረልኝ።

ከዚያ ወዲህ ተደዋወልን። እሳቸው የወሩን ቁጥር ይነግሩኛል፣ እኔ ስለ ውቅያኖሶቹ እነግራቸዋለሁ። የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ ዝናቡን ሰጥቼሻለሁ፣ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ አንቺ ንገሪኝ አሉ። የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው። ፓስፊክ የሚባል ሰፊ ውቅያኖስ አለ፣ ከእኛ እጅግ ሩቅ ነው፤ እሱ በምድር ወገብ ላይ ሲሞቅ የነፋሱ መንገድ ይለወጥና እኛ ጋ ክረምቱ ይሳሳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ይበዛል፣ ጎርፍም ይመጣል። ቅርባችን ያለው የሕንድ ውቅያኖስ እንደ ሚዛን ነው፤ አንዱ ጎኑ ሲሞቅ ሌላው ይቀዘቅዛል። ወደ አፍሪካ ያለው ጎን ከሞቀ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ሰው ሲያጭድ ዝናብ ሊያመጣ ይችላል። በጥሞና ሰሙኝና የሚመለስበትን ዘመን ጠየቁኝ፤ በስንት ዓመቱ ነው የሚሞቀው? አንዳንዴ በሁለት፣ አንዳንዴ በሰባት አልኳቸው። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ፣ የፋሲካን ቀን እስከፈለጉት ዓመት ድረስ ቁጭ ብለው የሚያወጡ ሰው ናቸውና ይህ አላስደሰታቸውም። «ይኼማ ዐውድ አይባልም። ዐውድ ማለት የሚመለስበትን ቀን የሚያውቅ ነው» አሉኝ። ውቅያኖሱን ትምህርት እንዳቋረጠ ተማሪ ታዘቡት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ተለወጠ። ስልኩን እንዳነሳሁ «ትልቁ ባሕርሽ እንዴት ሰነበተ? ትንሹስ?» ይሉኛል፣ እንደ ልጆቼ። ትልቁ ሞቆ ከሆነ ትኩሳቱ አልለቀቀውም ወይ ይላሉ። ቢሮ ውስጥ ስስቅ የሰሙኝ ባልደረቦቼ ፍቅረኛ ያበጀሁ መስሏቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ በዚያ ሥራ ላይ ቁጥር ስናገር ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ከሚያዝያ ጀምሮ ፓስፊክ እየሞቀ ነበር። ከላይ የሚወርደው ትንበያ እንደ ልማዱ በሦስት የተከፈለ ነው፤ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል፣ መደበኛ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል፣ ከመደበኛ በታች ይህን ያህል። ለየኔታ አነበብኩላቸው። ሦስቱም ይሆናል ማለት ነው ወይ አሉኝ። እዚህ ያለው ሰው ሦስት ማሳ የለውም፣ አንድ ነው ያለው፣ አንዱን ንገሪኝ አሉ። ተፈቅዶልኝ አይደለም፣ ነገርኳቸው። ዝናቡ ዘግይቶ ይገባል፣ ይሳሳል፤ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ስንዴ ይተዉና ቶሎ የሚደርስ ገብስ ይዝሩ አልኩ። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ለሕዝቡ ተናገሩት። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ብዙው ግን የየኔታን ቃል ስለሚያምን ገብስ ዘራ።

ክረምቱ እንዳልኩት ሆነ፤ ደስ ብሎኝ አይደለም የምናገረው። ሐምሌ እንደ ሚያዝያ ዋለ። ምህላ ተያዘ። የኔታ ከምህላው መልስ፣ ከበዓልና ከሰንበት በቀር፣ በየቀኑ ጆንያቸው ላይ ይንበረከካሉ፣ ደረቁን ብርጭቆ ወደ ዓይናቸው ያነሳሉ፣ አልቦ ብለው ይጽፋሉ። ያን ወር የላኩልኝ ቅጽ ላይ ከላይ እስከ ታች አልቦ፣ አልቦ፣ አልቦ የሚል ነው። እንደዚያ የሚያስለቅስ ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ አላውቅም። እኔ የሐምሌን ዝናብ የማስመጣበት መንገድ አልነበረኝም፤ የፓስፊክን ካርታ ከፍቼ ቀዩን ቀለም ማየት ብቻ ነው። ባቄላው በየማሳው ጠወለገ። በነሐሴ መጨረሻ ትንሽ ሲጥል ግን ያ ገብስ ነፍስ ዘራ። ሌላው ቢጠፋም ገብሱ ቆመ። ጥቅምት ላይ የኔታ ደውለው ሰዉ እየመረቀሽ ነው አሉኝ። ከነገር ሁሉ ያስፈራኝ ያ ምርቃት ነው። ለዓመቱ ምግብም ለከርሞው ዘርም የቀራቸው ያ ገብስ ብቻ ነበርና።

በዚያው ስልክ ትልቁ ገና አልዳነም ወይ፣ ትንሹስ ብለው ጠየቁኝ። ትንሹም ወደ እኛ ባለው ጎኑ ሞቋል አልኳቸው። እውነት ነው፣ ሞቆ ነበር። ግን እሱ የሚያዘንበው ደቡብና ምሥራቅ ነው፣ እስከ እኛ ደጋ አይወጣም ብዬ አጽናናኋቸው። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚለውን ቃል ግን አልተናገርኩትም።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደወሉ። ገብሱ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተኝቷል። በማግስቱ የደብራቸው ዓመታዊ በዓል ነው፤ ታቦት ይወጣል፣ ከየአገሩ እንግዳ ይገባል፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድንኳን ተካይና ጠላ ጠማቂ ሆኗል። ነዶውን ውሃ እንዳያገባ አድርጎ መከመር ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በበዓሉ ቀን ደግሞ እጅ አይነሳም። የኔታ ሰላምታቸውን እንኳ አላስቀደሙም።

«ልጄ፣ ደመናው ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ አልወደድኩትም። ሰዉ ዛሬ ድግሱን ትቶ ይከምር ወይስ ከሚካኤል በኋላ?»

ትንበያ የሚሠሩት ሁሉ ሥልጠና ሄደው ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ዝናብ ያሳያል፣ ግን ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ አሳይቶ ሳይመጣ ቀርቷል። እኔ የማምነውን ከፈትኩ፤ የእሳቸውን መዝገብ። ኅዳርን ሁሉ ወደ ኋላ አየሁት። አንድም የሚያስፈራ ቀን የለም። የኔታ፣ በርስዎ በራስዎ መዝገብ ኅዳር ላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ አያውቅም፤ ከበዓሉ በኋላ ይከመር አልኳቸው። 

«አንድ ኅዳር ግን ትዝ ይለኛል። ያኔም ትልቁ ባሕር ታሞ ነበር ያልሽኝ ዓመት ነው። የሚካኤል ማግስት ብርጭቆውን ሞልቼ ደፍቼ፣ ደግሜ ሞላሁት።»

«እሱ የሁለት ቀን ድምር ነው፣ የኔታ። እኔ አጣርቼዋለሁ።»

«እንግዲያው አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

ሰዉ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ታቦቱ ዑደት ላይ ሳለ ዝናቡ ጀመረ። ጎንደርም ላይ ጥሏል፤ መስኮት ላይ ቆሜ አየሁት። ስልካቸውን ብሞክር አልሠራም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። እንደ ሐምሌ ዘነበ፤ ያ ሐምሌ ያልዘነበውን ሁሉ።

ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን ቅጽ ልሰብስብ ብዬ ሄድኩ። ቅጽ አልነበረም የምሰበስበው፣ አለቃዬም ያውቃል። ከመንገዱ ወርጄ በማሳው መሀል ስሄድ የሚሸተኝ የጠላ ድፍድፍ ነገር ነበር፣ የረጠበ ገብስ ሽታ ነው። ነዶው ላይ አረንጓዴ ወጥቷል። ፍሬው በዛላው ላይ እንዳለ በቅሏል። አያ ደሴ የሚባሉ፣ የየኔታ ጎረቤት የሆኑ ገበሬ ማሳቸው መሀል ቆመው ነበር። አንድ ጭብጥ አንስተው አሳዩኝ።

«ይኸውልሽ፣ ሁለተኛ በቀለልን። ሸጋ አይደለም?» አሉኝ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ጭብጡን ካነሱበት ቦታ መልሰው አስተካክለው አስቀመጡት።

የኔታን ያገኘኋቸው ጆንያቸው ላይ ነው። ሰፍረው እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። ከዚያ ደብተሩን ያምጡልኝ አልኳቸው። ያን ጊዜ ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሌላ ጊዜ ያልኩትን ደብተር። ከመጽሐፍ ማህደር ውስጥ አወጡት። በግዕዝ ቁጥር ቀኑ፣ መጠኑ፣ ከጎኑ ትንንሽ ማስታወሻ። ብዙዎቹ የበዓል ማግስቶች አጠገብ «የሁለት ቀን ነው» ይላል። ያን ኅዳር ፈልገን አገኘነው። ኅዳር ፲፫። ቁጥሩ እኔ ከመዝገብ ያወጣሁት ቁጥር ነው። አጠገቡ እንዲህ ይላል፤ «ትናንት በዓሉ በፀሐይ ዋለ። ይህ ሁሉ የአንድ ሌሊት ነው።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያ ቁጥር በቦታው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ከምሩ እል ነበር። ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ለመዝገቤ ውበት ብዬ ያጠፋሁት አንድ ቀን የዚህን ሁሉ ሰው ገብስ ይዞ ሄደ። ይህንኑ ነገርኳቸው፣ እያለቀስኩ። የኔታ ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው በልብሳቸው ጠረጉት፤ እንባ ነክቶት ነበር።

«መዝገብሽን የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው ብዬ አመንኩት» አሉ።  ሳስበው ከዚህ የከፋ ወቀሳ የለም፤ እሳቸው ግን የተናገሩት ለወቀሳ አልነበረም፣ ራሳቸውን ሲመረምሩ ነበር።

ሦስተኛው ቀን እሁድ ነበር፤ እዚያው ሰንብቼ ነበርና ቅዳሴ ቆምኩ። ሲያልቅ የኔታ ደረጃው ላይ ወጡ። ከበዓሉ በኋላ ከምሩ ብዬ ያቆየኋችሁ እኔ ነኝ አሉ። ደመናውን አይቼ ነበር፣ ዝም አልኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ። ስለ ቢሮ አላነሱም፣ ስለ እኔ አላነሱም። ከሴቶቹ መሀል ቆሜ ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለቱ ቃል አልወጣኝም። ሰዉ እግዚአብሔር ይፍታዎት ብሎ ተበተነ። አንድም ሰው ክፉ አልተናገራቸውም። ግን ከዚያ ወዲህ መቼ እንዝራ ብሎ የጠየቃቸውም የለም።

ጎንደር ተመልሼ ያን ቁጥር በቦታው አስገባሁት። አለቃዬ ማስረጃ ሲጠይቀኝ የደብተሩን ፎቶ አሳየሁት፣ ፈረመ፣ አለቀ። መዝገቡ ተስተካከለ። የሚበላ ግን አልሆነም። ያን በጋ ከዚያ ሰፈር ብዙ ሰው ከብቱን እየሸጠ፣ ልጁን እየላከ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ሰማሁ። እኔ የማደርገው ነገር ቢኖር በየወሩ መደወል ነበር።

የኔታ ሁለት ነገር ለውጠው ነበር። አንደኛው፣ በበዓልና በሰንበትም መስፈር ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ካህናቱ አጉረመረሙባቸው፣ ንስሐ አባታቸው ጠርተው አነጋገሯቸው፣ እሳቸው ግን ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ ወደ ጆንያው ይሄዳሉ። በእኔ ሥዕል ላይ ሰኞ እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ። መረጃው እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ሳየው ደስ አይለኝም፤ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን ሰንበት በእኔ ምክንያት እንደፈታ አውቃለሁ። ሁለተኛው፣ ባሕሮቼን መጠየቅ ተዉ። ቁጥሩን ያነቡልኛል፣ ይመርቁኛል፣ ደህና ሁኚ ይላሉ። ትልቁ ከዳነ በኋላ እንኳ ድኗል ብዬ ለመናገር በር አላገኘሁም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ይዤው እቆይ ነበር፣ የረሱት ይመስል።

ከውብነሽ ስልክ በኋላ በነበረው ሰኞ ለልቅሶ ሄድኩ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ደረስኩ። ዝናቡ ሌሊት ጥሎ ጠዋት አባርቷል። ድንኳኑ ውስጥ ከውብነሽ አጠገብ ተቀመጥኩ። አቅፋኝ ስታበቃ፣ እኔን እንዳየች ያስታወሰችው ነገር ይኼ ነው፤ የኔታ ማታ ማታ ደጅ ቆመው ሰማዩን ሲያዩ «ትልቁ እንዴት ሰንብቶ ይሆን? ትንሹስ?» ይሉ ነበር። ለምን ደውለው አይጠይቋትም ስትላቸው፣ ተይ፣ ይከብዳታል አሏት።

አያ ደሴ ከድንኳኑ በር ላይ ነበሩ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ኅዳር ከበዓሉ በኋላ ይከመር ያልኩት እኔ ነኝ፣ የኔታ አይደሉም አልኳቸው፣ ደመናውን አይተው ከምሩ ሊሉ ነበር፣ እኔ ነኝ የመለስኳቸው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። በዱላቸው ጫፍ መሬቱን እየጫሩ ሰሙኝ። ሲመለከቱኝ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምነው ያኔ አልተናገርሽ?» አሉኝ። «እኛ እኮ እሳቸውን መጠየቅ ተውን።»

 ሌላ ለቀስተኛ ሲገባ ሊቀበሉ ተነሱ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጆንያው ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ ነው። አነጠፍኩት፣ ተንበረከክሁ፣ ዕቃውን አወጣሁ። ከአርብ ወዲህ የነካው የለም፣ ከባድ ነበር። ብርጭቆውን ሞልቼ ደፋሁ፣ ደግሜ ሞላሁ፣ ሦስተኛውን ግማሽ አደረስኩት። ዓይኔን ከውሃው ጋር እኩል አድርጌ አነበብኩት። ቅዳሜ ስንት እንደጣለ፣ እሁድ ስንት እንደጣለ፣ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። ቅጹ ላይ ለሰኞ ያለው አንዲት ጠባብ ሳጥን ነች። ቁጥሩን ጻፍኩ። ከዚያ ከመስመሩ ውጭ፣ ቦታ በሌለበት ላይ፣ «የሦስት ቀን ነው» ብዬ ጻፍኩና ውሃውን ቀስ አድርጌ እዚያው አጠገቡ አፈሰስኩት።